ጎልፍና ዲኤክስ በሮብ ገበያ ቁልቁለት

ሰው በመኪና ምክንያት ሦስት ዓመት ይከራከራል ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። እኔና የእህቴ ባል ሙሉቀን ግን ተከራክረናል፤ ያውም በየሳምንቱ፣ ያውም ሰው በተሰበሰበበት። ክርክሩ የቆመው አንድ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከሮብ ገበያ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። እንዴት እንደቆመ ልንገራችሁ። ለእኔ የሚያስከብር ታሪክ አይደለም፤ ቢሆንም አንድም ነገር አልደብቃችሁም።

በዚያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የአሽከርካሪዎች ማሰልጠኛ አስተምር ነበር። ቤት የለኝም፣ ሚስት የለችኝም፣ ያለችኝ አንዲት ቀይ ጎልፍ ናት፤ ጂቲአይ የሚሏት ዓይነት፣ ከብዙዎቹ ተማሪዎቼ በዕድሜ የምትበልጥ። ስሜ ጌትነት ነው፤ ተማሪዎቼ ግን ከኋላዬ «ቲዎሪ» ይሉኛል። ስሙን ያለ ምክንያት አላወጡልኝም። ጎማ ሳያይ፣ ዘይትና ውሃ ሳይለካ ሞተር ያስነሳ ተማሪ ካለ ከመኪናው አስወርደዋለሁ። በጥንቃቄዬ እኮራ ነበር። ኩራቴ ሰው የሚያሰለች ዓይነት እንደነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሙሉቀን፣ እኛ ሙሌ የምንለው፣ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። የብየዳ ቤት አለው፤ በርና መስኮት ይሠራል። ከዚያ በፊት ግን ሰባት ዓመት በሉማሜ መስመር ሚኒባስ ነድቷል። ሚኒባስ ያስያዘው አንድ አመል ነበረው፤ ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሹን ዜሮ ያደርግና ፍሬን እየነካካ ይለቃታል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ የሚያቃጥል ሰው ገንዘቡን የጠላ ነው ይላል። ስንት ጊዜ መከርሁት፤ ማን ሰምቶ። መኪናው ነጭ ዲኤክስ ናት። ከውጭ ስታዩዋት ያው የምታውቋት አሮጌ ዲኤክስ ናት፤ ኮፈኗን ስትከፍቱ ግን የራሷ ሞተር ወጥቶ ከሌላ መኪና የመጣ፣ ባለ ሁለት ካም የሚሉት ጉልበተኛ ሞተር ተቀምጦባታል።

ክርክራችን ይህን ይመስላል። ጎልፍ የምትጎተተው በፊት ጎማዋ ነው። ኩርባ ውስጥ ፍጥነት ካበዛችሁባት አፍንጫዋ ወደ ውጭ ይሸሻል፤ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ግን ትመለሳለች፤ ይቅር ባይ ናት። አራቱም ጎማዎቿ የዲስክ ፍሬን ስላላቸው ስትረግጧት መሬቱን ትነክሳለች። ዲኤክስ የምትገፋው ከኋላ ነው። ሞተሯ መጀመሪያ ያንቀላፋል፤ ሲነቃ ግን ወንበሩ ጀርባችሁን ይመታችኋል። ኩርባ መሃል ደንግጣችሁ እግራችሁን ካነሳችሁ ጭራዋ ዞራ ልትቀድማችሁ ትሞክራለች። የኋላ ፍሬኗ የድሮው የሸራ ፍሬን ነው። የእጅ ፍሬኗ ገመድ ከተበጠሰ ቆይቷል፤ ሙሌ ማርሽ አስገብቶ ነው የሚያቆማት።

ሞተር አለህ፣ ማቆሚያ የለህም እለዋለሁ። እሱ ደግሞ ያንተዋ ሞግዚት ናት እንጂ መኪና አይደለችም ይለኛል። ኩርባ ላይ ቀድመህ አዘጋጃት፣ ከዚያ ሳትፈራ ነዳጅ እየሰጠህ አውጣት፣ ያኔ ዲኤክስ ምን እንደሆነች ታውቃለህ ይል ነበር። እኔ አልሰማውም፤ እሱም እኔን አይሰማኝም።

መፍትሔውን ያመጣችው እህቴ ስመኝ ናት። የስምንት ወር ልጃቸውን አቅፋ ስትሰማን ቆይታ፣ ቁልፍ ተለዋወጡና አንዳችሁ የአንዳችሁን ንዱ፣ ከዚያ ወዲያ በዚህ ቤት የመኪና ወሬ አልሰማም አለች። እኛም እሺ አልን። ኅዳር ሚካኤል ለበዓሉ ሁለታችንም ሮብ ገበያ አባቴ ቤት እንገናኛለን። ስንመለስ እሱ ጎልፍን፣ እኔ ዲኤክስን ይዘን እንወርዳለን። ጎን ለጎን መሽቀዳደም ነውር ነው ብለን ተስማማን። እሱ ቀድሞ ይነሳል፤ እኔ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እከተላለሁ፤ ደብረ ማርቆስ መግቢያ ላይ ሰዓታችንን አስተያይተን የተሰማንን በሐቀኝነት እንነጋገራለን። ሩጫ አይደለም፣ ፈተና ነው አልን። ዛሬ ሳስበው ሁለት ትልልቅ ሰዎች ራሳችንን እያታለልን ነበር።

እኔ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጎልፍን ይዤ ወጣሁ። የአባቴ ቤት ከሮብ ገበያ ዳር፣ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ ከሚጀምርበት አጠገብ ነው። አባቴ ገብስና ድንች የሚያመርት ገበሬ ነው፤ ጠበል ሳይጠጣ እህል የማይቀምስ ሰው ነው። መኪናዋን በራፍ ላይ አቁሜ ዘመድ ልጠይቅ ሄድሁ። ስመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባለች። የፍሬኗ መርገጫ ሰሞኑን ትንሽ ገባ ገባ ይል ስለነበር ከፈተናው በፊት ከፍሬኗ ቱቦ አየር ላስወጣላት አሰብሁ። አባቴ ግን፣ ነገ ሚካኤል ነው፣ ከነገ ጀምሮ በዚህ ግቢ ብረት አይነሳም፣ የምትሠራው ካለ አሁን ጨርስ አለኝ። በበዓል ቀን አባቴ ግቢ መፍቻ ማንሳት በሬ ጠምዶ ከማረስ አይለይም። ስለዚህ ተጣደፍሁ።

ኮፈኑን ከፈትሁ። የፍሬን ዘይት የሚቀመጥባት ትንሽ ነጭ ፕላስቲክ ዕቃ አለች። ባለፈው ሳምንት ሳያት ከመስመሩ በታች ወርዳ ነበር። ያን ማታ ግን እስከ አፏ ሞልታለች። ጋራዥ ያለ አንድ ጓደኛዬ ሞልቶልኝ ይሆናል አልሁና አለፍሁት። አዎ፣ እኔ ቲዎሪ፣ ማን እንደሞላው ሳልጠይቅ አለፍሁት። አባቴን ከመሪው ኋላ አስቀምጬ ርገጡ ስለው ይረግጣል፣ እኔ በየጎማው ሥር ተንበርክኬ የፍሬኑን ማስተንፈሻ እፈታለሁ። መጀመሪያ ጥቁር አሮጌ ዘይት ወጣ። ቀጥሎ የሳሳ፣ ነጣ ያለ ነገር መጣ። በዚያ ድንግዝግዝ ንጹሑ ዘይት ደረሰ ብዬ ደስ አለኝ። የጎደለውን ከገዛሁት ዘይት ጨምሬ ዘጋሁት። መርገጫው እንደ ድንጋይ ጠነከረ። አባቴም ጨዋታ ሆኖለት እየሳቀ ወረደ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስመን ስንመለስ ሙሌ ዲኤክሷን ይዞ ደረሰ። አባቴ ቤት ቁርስ ቀመስን። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን ቁልፍ ተለዋወጥን። ሙሌ በዓል መሆኑን ቆጥሮ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፣ ማርሹን ሁለት ሦስት ጊዜ አወዛወዘ፣ ይቺ ደግሞ ማርሿ ሁሉ ተገላቢጦሽ ነው ብሎ አጉረመረመና ሄደ። ሰዓቴን ያዝሁ።

አባቴ ከጎኔ ቆሞ ነበር። ፈተናውን አልወደደውም፤ ከዋዜማው ጀምሮ ፊቱ አልፈታም። አሁን ግን ረጋ ብሎ አየሁት።

«ለእሷስ አልሰጋም» አለኝ፣ ጎልፏ የሄደችበትን እያየ። «ትናንት ጠበል ሰጥቻታለሁ።»

የረጫት መስሎኝ ፈገግ አልሁ። «ረጩልኝ?»

«መርጨትማ ላይ ላዩን ነው። አጠጣኋት እንጂ። አይሱዙዎቹ ዳገቱን ሲወጡ ውሃ ይጠጡ የለ? ትልቁ ክዳኗ እሳት ነው፣ እጄን ለበለበኝ። ትንሿን ጎድላ አገኘኋትና እስከ አፏ ሞላሁላት።»

«ትንሿ የትኛዋ ናት አባዬ?»

«ነጯ። በመሪው በኩል ጥጉ ላይ ያለችው። እናንተ ሰው አትሰሙ፣ እሷን አደራ አልኋት።»

ሰዓቴን አየሁ። ሙሌ ከተነሳ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ሆኖታል።

ይህን ነገር በየሳምንቱ ለተማሪዎቼ አስተምረዋለሁ። የፍሬን ዘይት ቢግል ቶሎ አይፈላም። ውሃ ግን ይፈላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨማደዳል እንጂ ጎማ ላይ ያለውን ፍሬን አይገፋም። መርገጫው ወለል ይነካል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ሜዳ ላይ ማንም አያውቀውም። የሚታወቀው ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ ፍሬን ደጋግሞ ሲረገጥ ነው። ውሃው ዕቃዋ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ያን ያህል ባልከፋ። እኔ ነኝ በእጄ እስከ አራቱ ጎማዎች ያደረስሁት።

ከሮብ ገበያ በኋላ መንገዱ መጀመሪያ ወጣ ገባ ነው፤ ፍሬን የሚያግል ቁልቁለት የለበትም። ወደ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትልቁ ቁልቁለት ይጀምራል። አምስት ኩርባ አለው፤ ከመጨረሻው ኩርባ በታች የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በዚያ ሰዓት ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ መንገዱን ሞልቶታል። ሙሌ ቁልቁለቱ ጫፍ ሲደርስ ማርሹን ዜሮ ያደርጋል። ይህን እንደ ስሙ አውቀዋለሁ።

ሮጥሁ። አባቴ ከኋላዬ «ምን አጠፋሁ ልጄ?» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ዲኤክስ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች። በአንድ እጄ እየነዳሁ ስልኬን አውጥቼ ለሙሌ ደወልሁ። ከማርሹ አጠገብ አንድ ነገር ተንቀጠቀጠና መጥራት ጀመረ። ስልኩን በራሱ መኪና ቻርጅ ላይ ሰክቶ ትቶት ሄዷል። ስሜ መስታወቱ ላይ ሲበራ አየሁና የራሴን ስልክ ወረወርሁት።

ገና ትልቁ ቁልቁለት ጋ ሳልደርስ፣ ከሮብ ገበያ እንደወጣሁ ባገኘሁት ኩርባ ላይ ልሞት ነበር። ዲኤክስን እንደ ጎልፍ ነዳኋት። በፍጥነት ገባሁ፤ መሃሉ ላይ ፍጥነቱ በዛብኝና በልማዴ እግሬን አነሳሁ። ጭራዋ ወዲያው ተነሳ። መስኮቱ ላይ መንገዱ ጠፋና የገብስ ማሳ መጣ። መሪውን ወደ ተቃራኒው መለስሁት፤ የኋላ ጎማው የመንገዱን ዳር ነክቶ ጠጠር በተነ፤ እንደገና ወዲያ ወዲህ ብላ ቀናች። ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ እግሬ ከነዳጁ ላይ ተነሳ፣ ፍጥነቷ ወረደ፣ ደቂቃውም አለፈ። እንዲህ ከነዳሁ እንደማልደርስበት ገባኝ።

ያኔ ሦስት ዓመት አልሰማም ያልሁትን ሰማሁ። ቀድመህ አዘጋጃት፣ ከዚያ ሳትፈራ ነዳጅ እየሰጠህ አውጣት። ለሚቀጥለው ኩርባ ገና ቀጥታው ላይ ሳለሁ ፍሬን ያዝሁ፣ ማርሽ ቀነስሁ፣ መሪውን አዞርሁ፣ ከዚያ ፍርሃቴን ዋጥ አድርጌ ነዳጁን ተጫንሁ። ዲኤክስ ጎንበስ አለችና በኋላ ጎማዋ መሬቱን ጨብጣ ወጣች። መሪው እጄ ውስጥ እያንዳንዱን ጠጠር ይነግረኛል። ሞተሩም ነቃ። ሙሌ የሚያወራው ይህን ነበር፤ እውነቱን ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን የማስበው ስመኝን ነበር፤ ከደጇ ቆሜ ምን ብዬ እንደምነግራት ነበር የማስበው።

ቀይዋን ያየኋት ከቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ነው። ከእኔ ግማሽ ኪሎ ሜትር ትቀድማለች። ትልቁን መብራት አበራሁ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ክላክሱን ያዝሁት። ሙሌ በስፖኪዮ አየኝ። ሕጉን አፍርሼ ልቀድመው የመጣሁ ነው የመሰለው። እጁን በመስኮት አውጥቶ አውለበለበልኝ። እየቀለደብኝ ነው። ከዚያ ፍጥነት ጨመረና ቁልቁለቱ ውስጥ ገባ።

የመጀመሪያውን ኩርባ ዞረ፤ የኋላ መብራቷ በርቶ ጠፋ። ፍሬኑ እየሠራ ነው። ሁለተኛውን ዞረ፤ መብራቱ ለረጅም ጊዜ በራ። ከሁለተኛው ወጥቶ ቀጥታው ላይ እያለ መብራቱ ይበራና ይጠፋ፣ ይበራና ይጠፋ ጀመር። ማንም ሾፌር ይህን ሲያይ ይገባዋል፤ ሰውየው መርገጫውን እየደጋገመ እየረገጠ ነው፣ እግሩ ሥር ግን ምንም የለም። ከዚያ ክላክሱን ለቀቀው፤ አላቋረጠውም።

ማርሽ ለማስገባት እንደታገለ በኋላ ነግሮኛል። የጎልፍ ማርሽ አሰካክ ከለመደው ይለያል፤ በዚያ ፍጥነት ደግሞ አልገባ ብሎ ጮኸበት። የእጅ ፍሬን ትዝ አላለውም፤ በራሱ መኪና ከረሳው ዓመታት አልፈዋል። የጎልፏ የእጅ ፍሬን ግን በገመድ ነው የሚሠራው፤ ውሃው አይነካውም። ይህን በጩኸት ልነግረው የምችለው ከደረስሁበት ብቻ ነው።

ሦስተኛውን ኩርባ ያለ ፍሬን ዞረ። የፊት ጎማዋ እየጮኸ፣ አፍንጫዋ ወደ ገደሉ እየሸሸ፣ ግን ዞረች። ሌላ መኪና ብትሆን ወርዳ ነበር። ከኋላው ደረስሁ። ከሦስተኛውና ከአራተኛው ኩርባ መሃል ረዘም ያለ ቀጥታ አለ፤ ልቀድመው የምችልበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። ወደ ግራ ወጣሁ። ከፊት ለፊት አንድ አይሱዙ ድንች ጭኖ እያቃሰተ ይወጣል። ልመለስ ወይስ ልሂድ ብዬ ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጥሁት። ከሙሌ ጋር ጎን ለጎን ስንሆን ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ እንደ ሸሚዙ ነጥቷል። «የእጅ ፍሬን!» ብዬ ጮህሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ በክላክሱና በሞተሩ ጩኸት ግን አልሰማኝም። አይሱዙው መብራቱን አበራብኝ። የዲኤክስ ሞተር ያን ጊዜ ያወጣውን ጉልበት በጎልፍ አላገኘውም ነበር። ከፊቱ ገባሁ፤ አይሱዙው ስፖኪዮዬን ሊነካ ምንም ሳይቀረው አለፈ።

እጄን በመስኮት አውጥቼ ወደ ራሴ ጠራሁት፤ ና፣ ና። ነዳጅ ቀነስሁ። ገባው። አስቡት፤ ፍሬን የሌለው ሰው ከፊቱ ያለውን መኪና ሆን ብሎ እንዲመታ ሲጠራ። የጎልፏ የፊት መከላከያ፣ ፓራውርቱ፣ የዲኤክስን ጀርባ ሲነካ አንገቴ ወደ ኋላ ሄደ። ሁለተኛ ጊዜ ነካኝና ተጣበቀ። ፍሬን ያዝሁ። ያ ሦስት ዓመት የሳቅሁበት አሮጌ የሸራ ፍሬን ሁለት መኪና ተሸከመ።

አራተኛው ኩርባ መጣ። ከኋላ እየተገፋሁ ኩርባ ውስጥ ፍሬን ብይዝ ጭራዬ ይዞርና ሁለታችንም ገደል ነን። ስለዚህ ቀጥታው ላይ አጥብቄ ያዝሁ፤ ኩርባው ሲደርስ ፍሬኑን ለቅቄ ነዳጅ ሰጠሁ፤ ከእሱ ተላቅቄ ዞርሁ። እሱም ከኋላዬ ዞረ። ስንቀና እንደገና መጥቶ ገጨኝ፤ እንደገና ያዝሁት። የተቃጠለ ሸራ ሽታ መኪናውን ሞላው። መርገጫው እግሬ ሥር እየከበደ፣ እየደነዘዘ ሄደ። ሁለተኛ ፍሬን የለንም፤ እሱ ካለቀ አለቀ። አምስተኛው ኩርባ ላይ እንደገና ለቀቅሁ፣ እንደገና ነዳጅ ሰጠሁ።

ስንወጣ መንገዱ በነጠላ ነጭ ሆኖ አየሁት። ሽማግሌዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ዣንጥላ የያዙ ካህናት። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ቆምሁበት። ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ ጎተትሁት። ሞተሩ አለቀሰ። ሕዝቡ ወደ ዳርና ዳር ተከፈለ። ፍጥነታችን የሩጫ ሆነ፣ የእርምጃ ሆነ፣ ከዚያ ቆምን። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ከእኛ የአንድ ግቢ ስፋት ያህል ይርቁ ነበር።

ሙሌ ወርዶ መንገዱ ዳር ተቀመጠ። አንዲት እናት ውሃ ሰጠችው፤ ግማሹን ደረቱ ላይ አፈሰሰው። አጠገቡ ተቀመጥሁ። ዞሮ አየኝ።

«አምስት ደቂቃው ሳይሞላ ነው የመጣኸው» አለኝ። «በምን አወቅህ?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። አባቴ ጠበል ሞልቶባት፣ እኔ ደግሞ ሳላጣራ ወደ ጎማዎቹ አድርሼው ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ልቤን ከፋው፣ አንድ ነገር ነገረኝ አልሁት። ዘይቱ የተበላሸ ሳይሆን አይቀርም፣ የገበያ ዕቃ አይታመንም ብዬም ጨመርሁበት። የአባቴን ክብር እየጠበቅሁ ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት። እኔ ልቡ የሚነግረው ዓይነት ሰው እንዳልሆንሁ ከሙሌ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እርጥብ ሸሚዙን አራግፎ ተነሳ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከሁለቱ የቱ መኪና ይሻላል ብላችሁ ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ። ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጎልፍ ሌላ መኪና የማይዞረውን ኩርባ ያለ ፍሬን ዞራ የሙሌን ነፍስ አትርፋለች። ዲኤክስ ሮጣ ደርሳ፣ ሁለቱን አቁማለች። ሦስት ዓመት ስለ መኪና የተናገርነው ሁሉ እውነት ነበር፤ የሁለታችንም። ያልተናገርነው ስለ ነጂዎቹ ነው። ዛሬም አስተምራለሁ፤ ዛሬም ዘይት ሳያይ ሞተር የሚያስነሳ ተማሪ አስወርዳለሁ። ግን የጎደለ ብቻ ሳይሆን የሞላ ሲያዩም ማን ሞላው ብለው እንዲጠይቁ እነግራቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ፤ ከነውርደቱ። ውርደቱ ደግሞ የመጣው በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሙሌና ስመኝ ቤት ነበርሁ። ስመኝ ዘይቱን የሸጠልኝን ነጋዴ እየረገመች ነው፤ እኔም እየሰማሁ ዝም ብያለሁ። የግቢው በር ተንኳኳ። ልትከፍት የሄደችው ስመኝ ጮኸች። ስንወጣ አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። በሌሊት ተነስቶ በእህል መኪና ተጭኖ ነው የመጣው። የበዓል ጋቢውን ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሟል። በእኛ አገር ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው ለምን እንደመጣ አይጠየቅም። ይቅርታ ሊለምን ነው። ግን አማች ለአማቱ ይሸከማል እንጂ የሚስት አባት ለልጁ ባል ሲሸከም አይቼ አላውቅም።

«ሙሉቀን» አለ አንገቱን ደፍቶ፤ «ውሃ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ከጌትነት ፊት ላይ አነበብሁት። የልጄን ቤት ልዘጋ ነበር። ማረኝ።»

ሙሌ ሮጦ ድንጋዩን ሊቀበለው ሲል እኔ ቀደምሁት። ከአባቴ ትከሻ አንስቼ የራሴ ላይ አደረግሁት። ከባድ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ያን እንዴት ከመንገዱ እስከ ደጃፉ እንዳመጣው አላውቅም። እንባዬ መጣ።

«እሱ አላጠፋም» አልሁ። «ዕቃዋ ጎድላ እንደነበር አውቃለሁ። ሞልታ ሳያት አልጠየቅሁም። ወደ ጎማዎቹ ያደረስሁት እኔ ነኝ፤ ትናንት ስትጠይቀኝም ዋሽቼሃለሁ። የዋሸሁት ለእሱ ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ነው።»

ሙሌ አባቴን ክንዱን ይዞ አስገባው፣ ከመደቡ ላይ አስቀመጠው፣ ጉልበቱን ሳመ፤ አባባ እርስዎ ለእኔ የሰጉ ነዎት፣ ለሰጋልኝ ሰው ምሕረት ምን ያደርግለታል አለው። አባቴ አለቀሰ። ስመኝ ልጇን እንዳቀፈች ወደ እኔ ዞረችና ባሏን ድንጋዩን አውርድለት እንጂ አለችው።

«ትንሽ ይሸከም» አላት።

ማንም አልተቃወመውም፤ እኔም አልተቃወምሁትም። ከበሩ ውጭ ቆሜ ሙሌ አባቴን ሲጠይቀው፣ አባቴም ሲመልስለት፣ ሕፃኗም ስትነጫነጭ እሰማ ነበር። ትከሻዬ ደነዘዘ፤ ደስ የማይል ነገር ነው፣ ግን ቀለለኝ። ሙሌ ወጥቶ በሁለት እጁ ድንጋዩን ሲያነሳልኝ ፀሐይዋ ግቢውን ሞልታው ነበር። «በቃ» አለኝ፤ «አሁን ግባ።»